የፀጉር አስተካካዩ የልብ ሕክምና

አያትየዋ አማቻቸውን ንቀው አይደክማቸውም ነበር። ሌላ ሰው ንቆ ንቆ ሲሰለቸው ይተዋል፤ የሳቸው ንቀት ግን ጠዋት ጠዋት አብሯቸው ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርሱን ይበላል። ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ሴት ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ደግሞ የሚንቁትን ሰው ፍለጋ ደጅ መውጣት እንኳ አላስፈለጋቸውም። መጋረጃ ገለጥ ማድረግ በቂ ነበር።

አማችየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ጫፉ የተሸረፈ ረጅም መስታወት፣ ማበጠሪያ የተዘፈዘፈበት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን፣ ለተራ ጠባቂ የተቀመጠ አግዳሚ። ሱቁንና ሳሎኑን የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። አያትየዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ከፊት የሚወራው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል። የሚወራው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ የልጅ ልጃቸው ልብ።

መነሻው እውነት ነው። ልጅቷ ጨቅላ ሳለች ሐኪም ደረቷን ሲያዳምጥ ያልተለመደ ድምፅ ሰማ። በአልትራሳውንድ ሲታይ የልቧን ሁለት የታች ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኘች። «ትንሽ ናት፤ በየጊዜው እያመጣችኋት እንከታተላለን» ተባለ። የተባለው ይኸው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግን ቀዳዳዋን ይዞ ሱቁ ገባ፤ ቀዳዳዋም በየደንበኛው ጭንቅላት ላይ እየሰፋች ሄደች። መጀመሪያ የመርፌ ዓይን ታክል ነበር። ቆየት ብላ የሸሚዝ ቁልፍ አከለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ አውራ ጣት ታሾልክ ጀመር።

አንድ ቀን አያትየዋ አላስችል ብሏቸው በመጋረጃው በኩል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«እንዲህ ከሆነማ ልጅቷ ልብ የላትም በለው እንጂ። ቀዳዳው ብቻ ነው የቀራት።»

የሚላጨው ደንበኛ በሳቅ ተንፈቅፍቆ ለጥቂት ጉንጩን ሳይቆረጥ ተረፈ። አማቻቸው አልሳቀም።

«እማማ፣ እርስዎ በዚህ ጉዳይ አይግቡብኝ። እኔ በጉዳዩ ላይ አንብቤያለሁ።»

«ምኑን ነው ያነበብከው? የሻምፖውን ጠርሙስ?»

ደንበኞቹ «ዶክተሬ» ነው የሚሉት። ግማሾቹ እያሾፉበት ነው፤ እሱ ግን ሹፈትና ሹመት አይለይም። «ዶክተሬ» በተባለ ቁጥር ደረቱን ነፋ አድርጎ መቀሱን አየር ላይ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

በዚህ ዶክተር እጅ ያደገችው ልጅ ገመድ አትዘልም። ደረጃ አትወጣም፤ አባቷ ያዝላታል። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ልብ ያደክማል። ብዙ መሳቅም እንደዚያው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሜዳ ሲወርዱ እሷ አጥር ሥር ተቀምጣ ሹራባቸውን ትጠብቃለች። የክፍል ጓደኞቿ «ብርጭቆ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙ ተለጥፎባት ቀረና ሰፈርተኛውም እቤት ድረስ እየመጣ «ብርጭቆ እንዴት ዋለች?» ይላል።

አያትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሴት ናቸው። ክር እየሳቡ፣ ሙጫ እየቀቡ፣ ከወንዶቹ እኩል እየተሳደቡ ነው ጡረታ የወጡት። ስለ ልብ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስለ አማቻቸው ግን የማያውቁት የለም ብለው ያምናሉ። በሳቸው ቤት ልጅቷ ምንም የለባትም፤ ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረባትም። ካለባትም ያለባት በሽታ አባቷ ነው።

ልጃቸው፣ ማለትም የብርጭቆ እናት፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ኮሌታ ስታይ ውላ ማታ ስትገባ እናቷና ባሏ የየራሳቸውን ክስ ይዘው ይጠብቋታል። ለሁለቱም «እሺ» ትላለች። አያትየዋ ይህንንም ይንቁታል፤ ግን ልጃቸው ናትና አፍ አውጥተው አይናገሩትም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ከሰዓት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ሊገዛ ወጣ ሲል አያትየዋ ልጅቷን ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ።

«እስቲ ከቧንቧው እስከዚያ ልብስ ማስጫ ድረስ ሩጪ።»

«አባባ ከሰማ ይገድለኛል።»

«አባትሽ የፀጉር እንጂ የሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም። ሩጪ ስልሽ!»

ልጅቷ ሮጠች። ሩጫ እንኳ አይባልም፤ ጫማ የሰፋው ሰው እንደሚራመደው ዓይነት ነው። ማስጫው ጋ ደርሳ ዞር ስትል ግን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አያቴ! ተቀደደ! እየመታኝ ነው፤ ተቀደደ!»

በሕይወቷ ሮጣ ስለማታውቅ የራሷን ልብ ምት አላወቀችውም። እዚያው የታጠበው አንሶላ ሥር ተዘረረች፤ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሞቷን ትጠብቅ ጀመር። አያትየዋ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት ደርሰው እንዳነሷት አያውቁም። አማቻቸው ምላጩን እንደያዘ የጓሮውን በር ከፍቶ የገባውም ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ አይደገምም። እሱ «ገዳይ» አላቸው። እሳቸው ደግሞ እናቱ ከወለደችው ጀምሮ ያልሰማውን ነገሩት። ብርጭቆ ቁጭ ብላ፣ ጉንጯ በርበሬ መስሎ፣ ምንም ሳትሆን ታያቸው ነበር።

ማታ የብርጭቆ እናት ሁለቱንም ክስ አዳመጠች። የዚያን ቀን ግን «እሺ» አላለችም።

«መጨረሻ ሐኪም ያያት መቼ ነው?» አለች ባሏን።

«እኔ እየተከታተልኳት ነው።»

«ሐኪም አልኩህ።»

ለካስ ቀጠሮው ካለፈ ቆይቷል፤ ከዚያ በፊት በነበረውም አልወሰዳትም። «ምን የማላውቀውን ሊነግሩኝ ነው?» ብሎ ነው የተወው። ከዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን በሚመስል ዓይን አየችው።

የልጆች ልብ ሕክምናው የሚገኘው የትልቁ ሆስፒታል መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ዓሣዎች ተስለዋል፤ የአንዱ ዓይን ተልጦ ከሥሩ ሲሚንቶ ይታያል። ፀጉር አስተካካዩ እስኪጠሩ ድረስ አጠገቡ ላሉ ወላጆች ሁሉ ስለ ቀዳዳ ገለጻ ሰጠ። አንዲት እናት ከነልጇ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አያትየዋ ደስ አላቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯ አጭር። አማችየው ገና እንደገባ ዓይኑ ፀጉሯ ላይ ቀረ።

«ማነው እንዲህ የጨፈጨፈሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሐኪሟ አልሰማችም፤ ወይ እንዳልሰማች ሆነች። የልጅቷን ደረት በቀዝቃዛው ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ታዟዙር ጀመር። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ሐኪሟ ካንዱ ጎን አየች፤ ከሌላው አየች፤ የልጅቷን አገጭ ቀና አድርጋ ከአንገቷ ሥርም አየች።

«ተዘግቷል» አለች።

«ምኑ?»

«ቀዳዳው። እንዲህ ያሉት ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ልጁ እያደገ ሲሄድ በራሳቸው ይዘጋሉ። ልጅዎ ጤነኛ ናት።»

የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ ያገኘውን ሰው ያቅፋል። ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ የተወሰደበት ሰው መሰለ።

«እስቲ በደንብ ይዩት።»

«አይቻለሁ።»

«ማሽኑ አሮጌ ይሆን?»

አያትየዋ ከዚህ በላይ አልቻሉም። «ይኸው! ምንም አልነበረባትም ስል ማን ሰማኝ? ወሬ ነው! ይሄ ሰው ከወሬ ነው ልጅ የወለደው!»

ሐኪሟ ወደሳቸው ዞረች። «ነበረባት እንጂ፣ እናቴ። ፋይሏ ላይ ምስሉ አለ። ያኔ የአባቷ መስጋት ልክ ነበር፤ ጡት ስትጠባ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል ብለው ያመጧትም እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። «ልክ ያልነበረው ቀጠሮ መቅረትዎና ልጅቷን አስቀምጠው ማሳደግዎ ነው። ቀዳዳው እያለም ቢሆን መሮጥ ትችል ነበር። ማን ከለከላት?»

አያትየዋ ጡት ስትጠባ የሚለውን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። አማቻቸው በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድ እውነት ነበረው፤ እሱን ብቻ ለማንም አላወራም። ሐሳቡ አልጣማቸውም፤ ወዲያው ገፋ አደረጉት።

ሐኪሟ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ብርጭቆ ጆሮ ላይ አደረገችላት። «ስሚው። አሁን እዚሁ ቆመሽ ዝለዪ። ፈጠነ? ስትሮጪ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሥራው ነው። መቀደድ አይደለም።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ የራሷን ልብ ስታዳምጥ ቆየች፤ ማዳመጫውን አልመልስም ብላ አስቸገረች።

ፀጉር አስተካካዩ ለጥቂት ቀን አኮረፈ። ሱቁ ውስጥ የመቀስ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ደንበኞቹ ሳይቀሩ ጸጥታው ከበዳቸው። አያትየዋ ግን ሶፋቸው ላይ በሰላም አሸለቡ። ሰላሙ ብዙም አልቆየ። አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ወዲያ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ ታድሶ፣ ጎልቶ።

«ዘጋሁት!»

«ምኑን ዶክተሬ?»

«ቀዳዳውን ነዋ! ሐኪሞቹ ራሳቸው አይተው ጉድ ነው አሉ። ምን አድርገህ ነው ቢሉኝ፣ አላስሮጥኳት፣ አላስለቀስኳት፣ እረፍት ብቻ! ያለ ቢላ፣ ያለ መድኃኒት፣ በእረፍት ዘጋሁት!»

አያትየዋ ጣሪያውን አዩ። ሰው ሊወርድ የሚችልበት መጨረሻ አለው ብለው ያስቡ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከሥሩ ሌላ ምድር ቤት አለው። ወጥተው ሊያዋርዱት ፈለጉ፤ ጉልበታቸው አመማቸውና ተዉት። ደግሞም፣ እውነት ለመናገር፣ ወሬው እያስጠላቸውም ቢሆን ያዝናናቸው ነበር። ይቀባጥር፤ ማንን ይጎዳል?

የጫማ ሱቅ ሻጯ ልጇን ታቅፋ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል።

«ዶክተሬ፣ የርስዎ ልጅ ዳነች ሲሉ ሰምቼ ነው። የኔ ልጅ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል። ጥፍሩም ይጠቁራል። አንዳንዴ እንደ ጨርቅ ይዝለፈለፍብኛል። ጤና ጣቢያ የልብ ሐኪም ይየው ብለው ጽፈውልኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ደረቱን ይከፍቱታል አሉኝ።»

«አይዞሽ እህቴ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ድምፁ ሁሉ የሐኪም ሆነ። «ምን ያስቸኩልሻል? የኛዋም እንዲሁ ነበረች። እንዳታስለቅሺው ብቻ። አቅፈሽ አሳድጊው፤ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ይዘጋል።»

መጋረጃው ቀለበቱ እስኪነቀል ተገለጠ።

«የኛዋ መቼ ነው ጠቁራ የምታውቀው?» አሉ አያትየዋ።

«እማማ፣ ከታካሚ ጋር እየተነጋገርኩ...»

«ጠቁራ ታውቃለች ወይ? አዎ ወይ አይ!»

መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ አዩት። «አ... አታውቅም» አለ።

«ታዲያ የምን እንዲሁ ነበረች ነው! አንተ የምታውቀው የገዛ ልጅህን ቀዳዳ ነው፤ እሱንም በቅጡ አታውቀውም። ነይ የኔ ልጅ፣ ልጅሽን ያዢ። እኔ እወስድሻለሁ።»

«እማማ፣ ሴትዮዋን አያስደንግጧት...»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ!»

ታክሲ ይዘው ወጡ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ግማሽ ሲደርሱ ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ሲያለቅስ ከንፈሩ ጥቁር ወይን መሰለ፤ ከዚያ ፊቱ ሁሉ ጠቆረ፤ ከዚያ ልቅሶው ራሱ ቆመ። ሻጯ ስሙን ደጋግማ ትጠራለች። ሹፌሩ ጡሩምባውን ለቆት ቀረ። አያትየዋ ሕፃኑን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ምን እንደሚደረግ አያውቁም። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንቁት ሰው አጡ። ከራሳቸው በስተቀር።

ድንገተኛው በር ላይ አንዲት ነርስ ሕፃኑን ከእጃቸው ነጠቀች። በጀርባው አስተኝታ ሁለት ጉልበቱን አጥፋ ወደ ደረቱ አስጠጋችው፤ ሌላዋ ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ ያዘችለት። መድኃኒት ተሰጠው። ቀስ በቀስ ጥቁረቱ ከፊቱ ላይ እንደ ጥላ ዞር አለ፤ ሕፃኑም ደካማ ልቅሶ አሰማ። ሻጯ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በኋላ ያቺው ፀጉረ አጭር ሐኪም አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

«የዚህ ልጅ ልብ ችግር ሌላ ነው። ወደ ሳንባው የሚሄደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ከሱ ጋር ትልቅ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ሳንባ ሄዶ አየር ያላገኘው ደም በቀዳዳው አልፎ ወደ ሰውነቱ ይሄዳል። ሲያለቅስ መንገዱ ይበልጥ ይጠብባል፤ የሚጠቁረው ለዚያ ነው። ይህ በራሱ አይዘጋም። በቀዶ ሕክምና ነው የሚስተካከለው፤ በደንብ ይስተካከላል። እስከዚያ ድረስ ይህ ነገር ከመጣበት ነርሷ እንዳደረገችው ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈሽ፣ አረጋግተሽ፣ ቶሎ ወደኛ ታመጪዋለሽ።» ከዚያ ሻጯን አየቻት። «ከጤና ጣቢያ ከተጻፈልሽ ቆይቷል። ማነው ጠብቂ ያለሽ?»

«መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ዛሬ ደግሞ... ዶክተር።»

«የት የሚሠራ ዶክተር?»

ሻጯ አቀረቀረች። አያትየዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ አማች ነው» አሉ። «ፀጉር ቆራጭ።»

አያትየዋ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው «ይቀባጥር» ያሉበት ጊዜ ሁሉ ፊታቸው ድቅን አለ። ሰውየውን ሲንቁት ኖሩ፤ አፉን ለማስያዝ ግን ከዛሬ በፊት ተነስተው አያውቁም። ንቀት ብቻውን ምን ሠራ? ሶፋ አሞቀ።

ሲመለሱ ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር። አያትየዋ በቤቱ በር አልገቡም፤ በሱቁ በኩል ገቡ። አማቻቸውን በሕይወታቸው «አንተ» እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም።

«ዶክተር» አሉ፤ «ታካሚዎ ኦክስጅን ላይ ነው። አረፍ በል ብለው ያዘዙለት ሕፃን ታክሲ ውስጥ እጄ ላይ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። የደረስነው ለጥቂት ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ፤ ሽርጡን አወለቀ፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ግማሽ ፀጉሩን እንደተላጨ ትቶት ወጣ። በኋላ እንደተሰማው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዓሣዎቹ ሥር ቆሞ፣ ሻጯ ብቅ ስትል ሊናገር ሞክሮ፣ አልቻለም። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ገባች። አያትየዋ ይህን ሲሰሙ «እንኳን!» አሉ፤ አላዘኑለትም።

ሕፃኑ ተራ ተይዞለት ቆይቶ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ቀላል አልነበረም፤ ሻጯ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መስኮት ላይ ግንባሯን ለጥፋ ከረመች፤ ባሏም ከሄደበት መጣ። በመጨረሻ ግን ልጁ ከንፈሩ ጽጌረዳ መስሎ፣ ደረቱ ላይ ቀጥ ያለ ጠባሳ ይዞ ወጣ። ብርጭቆም እስከዚያ ድረስ በስፖርት ክፍለ ጊዜ መሮጥ ጀምራ ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣለች። አንድ ጊዜ መሃል ሜዳ ላይ ቁርሷን አስመለሰች፤ ቤት ስትመጣ በኩራት ነው የተናገረችው። ጓደኞቿ ስሙን አልቀየሩላትም፤ እሷም ግድ አልሰጣትም።

ፀጉር አስተካካዩስ? ለረጅም ጊዜ ስለ ልብ አልተነፈሰም። ስለ አየሩ፣ ስለ ኳሱ አወራ። አያትየዋ ሰው ሆነ እንዴ ብለው ሊጠረጥሩ ሲሉ ግን፣ አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ወዲያ ያንኑ ድምፅ ሰሙ።

«የጫማ ሱቋን ልጅ ማን ያዳነው ይመስልሃል? እኔ ነኝ! ገና ሳየው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው ብዬ በታክሲ የላክኋት እኔ ነኝ።»

አያትየዋ ተነሱ። የመጋረጃውን ጫፍ ጨበጡ። ለዚህ የሚሆን ስድብ ከማተሚያ ቤት ጀምሮ አስቀምጠው ነበር።

«ዶክተሬ፣ የኔዋ ሕፃን ደግሞ» አለ ደንበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጡት ስትጠባ በላብ ትጠመቃለች። ትንፋሿም ይፈጥናል። ክብደትም አልጨምር አለች። እንዲያው ምን ትለኛለህ?»

የመቀሱ ድምፅ ቆመ። አያትየዋ መጋረጃውን አልለቀቁም።

«ተነስ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምን?»

«ተነስ ነው የምልህ! እኔ ምን አውቃለሁ? ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።» የመቁረጫ ጨርቁን ከሰውየው አንገት ሲፈታ ተሰማ። «ፀጉርህን ነገ እጨርስልሃለሁ። ሂድ!»

የሱቁ በር ተከፍቶ ተዘጋ። አያትየዋ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ መጋረጃውን ለቀቁና ወደ ሶፋቸው ተመለሱ፤ ስድቡንም ሳይሰድቡት ቀሩ። ከወዲያኛው ክፍል አማቻቸው ለሚቀጥለው ደንበኛ ስለ ጫማ ሱቋ ልጅ ከመጀመሪያው ያወራለት ጀመር፤ በዚህኛው ወሬ ላይ ታክሲውን ራሱ ነው የነዳው። «ቀጣፊ» አሉ አያትየዋ ለራሳቸው፣ ጉልበታቸውን እያሹ። አላስቆሙትም።